"የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?" ተማሪዎችን የሚያስቱ የሒሳብ ጥያቄዎች ደረጃ በደረጃ እንዴት ይፈታሉ?

"በአንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች ተጭነዋል። የመርከቡ ካፒቴን ዕድሜ ስንት ነው?"

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ገደማ፣ በፈረንሳይዋ ግሬኖብል ከተማ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ለ97 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች አቀረቡላቸው። 76ቱ መልስ ሰጡ። በጥያቄው ውስጥ ያገኟቸውን ቁጥሮች ይዘው አንዳች ስሌት ሠርተው የካፒቴኑን ዕድሜ "አገኙ"። 26 እና 10 ሲደመሩ 36 ይሆናሉ፤ 36 ደግሞ ለአንድ የመርከብ ካፒቴን የማያሳፍር ዕድሜ ነው። በጎቹና ፍየሎቹ ስለ ሰውየው ዕድሜ ምንም እንደማይናገሩ ያስተዋሉት ጥቂቶች ነበሩ።

ጥያቄው የቆየ ቀልድ ነው። ፈረንሳዊው ደራሲ ጉስታቭ ፍሎቤር ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ የመሰለ እንቆቅልሽ አቅርቦላት ነበር። የግሬኖብል ልጆች ግን አልቀለዱም። መደመርና መቀነስ ያውቃሉ፤ ያላወቁት መቼ መደመር፣ መቼ መቀነስ፣ መቼ ደግሞ "ይህ ጥያቄ መልስ የለውም" ማለት እንዳለባቸው ነው።

ነገሩ የፈረንሳይ ልጆች ብቻ ችግር አይደለም። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። እነዚህ አሃዞች የሁሉም ትምህርቶች ድምር ውጤት እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደሉም። ሆኖም ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ምሽት ላይ ደብተሩን ይዞ ወደ እናቱ ወይም ወደ ታላቅ ወንድሙ የሚመጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። ወላጁም "እኔ ስማር እንዲህ አልነበረም" ብሎ ደብተሩን ይመልሳል።

በዚህ ጽሑፍ በየትምህርት ቤቱ የሚደጋገሙ ጥቂት የጥያቄ ዓይነቶችን መርጠን ከተለመዱት ስህተቶቻቸው ጋር እናያለን። ብዕርና ወረቀት ቢቀርብ መልካም ነው።

ከቁጥሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩ

በቡዳፔስት ተወልዶ ኋላ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖሊያ፣ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ የሒሳብ ጥያቄን መፍታት በአራት እርምጃዎች ከፍሎታል። ጥያቄውን መረዳት፣ መላ መምታት፣ መላውን ሥራ ላይ ማዋል፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር። አብዛኛው ተማሪ የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። ብዕሩ ወረቀቱን የሚነካው ዓረፍተ ነገሩ ተነቦ ሳያልቅ ነው።

በአሜሪካ የተደረገና ብዙ የተባለለት አንድ ጥናት የመጀመሪያው እርምጃ ምን ያህል እንደሚያስት ያሳያል። የመጀመሪያ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች "በዚህ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ቁጥር የመምህራን 6 እጥፍ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር በፊደላት እንዲጽፉ ተጠየቁ። ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ።

እኛም እንሞክረው። የተማሪዎችን ቁጥር ተ፣ የመምህራንን ቁጥር መ እንበል። ብዙዎቹ የጻፉት 6ተ = መ የሚለውን ነው። "ስድስት" እና "ተማሪዎች" በአእምሯቸው ተጣብቀው ቀርተዋል። ስህተቱን ለማየት ሁለት ምቹ ቁጥሮች መውሰድ ይበቃል። መምህራኑ 10 ከሆኑ ተማሪዎቹ 60 ናቸው። አሁን 6ተ ማለት 6 × 60፣ ማለትም 360 ነው፤ ይህም ከ10 ጋር እኩል አይደለም። ትክክለኛው ተ = 6መ ነው፤ 60 = 6 × 10። ፊደሉ የቆመው ለ"ተማሪ" ሳይሆን ለ"ተማሪዎች ብዛት" መሆኑን የዘነጋ ሰው ምህንድስና ቢያጠናም ይሳሳታል።

በአማርኛም የሚያምታቱ ቃላት አሉ። "በ4 ይበልጣል" ማለት መደመር ነው፤ "4 እጥፍ ነው" ማለት ማባዛት ነው። "በሦስት እጥፍ ጨመረ" ሲባልስ? 100 የነበረው 300 ሆነ ማለት ነው ወይስ 400? እኛ ጋዜጠኞች ይህን ሐረግ እንዳሻን ስንጠቀምበት የምንኖር ስለሆነ ተማሪው ላይ ለመፍረድ ሞራሉ የለንም።

በዚህ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋ ጉዳይ አለ። በታንዛኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ደረጃን በስዋሂሊ የተማረ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። በኢትዮጵያም እንደየክልሉ በ7ኛ ወይም በ9ኛ ክፍል ተመሳሳይ ሽግግር አለ። ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ያለ ችግር የሚፈታውን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲያገኘው እንዳላወቀ ይቆጠራል። ስለዚህ ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው የመጀመሪያ እርዳታ ስሌት አይደለም፤ "እስቲ ጥያቄውን በራስህ ቃል ንገረኝ" ማለት ነው። ልጁ መናገር ካልቻለ ችግሩ የት እንዳለ ታውቋል።

ያልተወለደው ልጅ

ከ7ኛና 8ኛ ክፍል የማይጠፋ ጥያቄ ይኸውና፦ "የአንዲት እናት ዕድሜ የልጇ 4 እጥፍ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ የልጇ 3 እጥፍ ይሆናል። አሁን ዕድሜያቸው ስንት ስንት ነው?"

የልጁን የአሁን ዕድሜ ል እንበል። የእናቱ 4ል ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ እናት 4ል + 6 ትሆናለች። ተማሪው እዚህ ድረስ አይቸገርም። ከዚያ ግን "የልጇ 3 እጥፍ" የሚለውን ሲያነብ 4ል + 6 = 3ል ብሎ ይጽፋል። ሲፈታው ል = −6 ይሆናል፤ ልጁ ከስድስት ዓመት በኋላ ይወለዳል ማለት ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ ያላት እናት!

እንዲህ ያለው መልስ ተማሪውን ሊያስደስተው ይገባል፤ ስህተት መኖሩን ራሱ መልሱ ነግሮታልና። የት እንደሆነ መፈለግ ብቻ ነው የቀረው። ስድስት ዓመት ያለፈው ለእናቲቱ ብቻ አይደለም፤ ልጁም ል + 6 ሆኗል። ስለዚህ፦

4ል + 6 = 3 × (ል + 6)

ቅንፉ ሲፈታ፦ 4ል + 6 = 3ል + 18

ከሁለቱም ወገን 3ል ሲቀነስ፦ ል + 6 = 18

ከሁለቱም ወገን 6 ሲቀነስ፦ ል = 12

ልጁ 12፣ እናቱ 48 ዓመታቸው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ 18 እና 54 ይሆናሉ፤ 54 የ18 ሦስት እጥፍ ነው።

ብዙ መምህራን "ቁጥሩ ወደ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" ብለው ያስተምራሉ። አቋራጩ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ልጁ ለምን እንደሚቀየር ሳያውቅ ከያዘው፣ ማባዛትን ወደ መቀነስ ሲቀይር ይገኛል። ከዚህ ይልቅ ሚዛንን ማሰብ ይሻላል። ከአንዱ ሳህን የተነሳ ከሌላውም ይነሳል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ ለዚህ የትምህርት ዘርፍ ስሙን ባወጣው መጽሐፉ የጻፈው ይህንኑ ሁለቱን ወገን የማመጣጠን ዘዴ ነው፤ "አልጀብራ" የሚለው ቃል የመጣው ከመጽሐፉ ርዕስ ነው።

የበመቶ ወጥመዶች

ከሁሉም በላይ ከትምህርት ቤት ውጪ ሰውን ተከትሎ የሚኖረው የበመቶ ስሌት ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን።

በኢትዮጵያ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው፤ በኬንያ 16 በመቶ። "አንድ ዕቃ ከነታክሱ 1,150 ብር ተሸጠ። ታክሱ ሳይጨመርበት ዋጋው ስንት ነበር?" የሚለውን ጥያቄ ለተማሪ ብቻ ሳይሆን ሱቅ ላላቸው ሰዎችም ቢያቀርቡ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ 977 ብር ከ50 ነው። የ1,150 አሥራ አምስት በመቶ 172.50 ነው፤ እሱን ከ1,150 መቀነስ።

እናረጋግጥ። የ977.50 አሥራ አምስት በመቶ 146 ብር ከ62 ሳንቲም ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 1,124 ብር ይሆናሉ እንጂ 1,150 አይሆኑም። የተሳሳተው ምኑ ላይ ነው? ታክሱ የተሰላው ከመጀመሪያው ዋጋ እንጂ ከመጨረሻው አይደለም። "15 በመቶ" ሲባል "የምን 15 በመቶ?" ብሎ አለመጠየቅ ነው ወጥመዱ።

ያለ ፊደልና ያለ ቀመር የሚሠራ መንገድ አለ። ዋጋው 100 ብር ነበር ብለን እንጀምር። ከነታክሱ 115 ይሆናል። የእኛ ዕቃ ግን 115 ሳይሆን 1,150 ነው፤ 10 እጥፍ። እንግዲያው መነሻውም የ100 አሥር እጥፍ ነው፤ 1,000 ብር።

ይህ "ምቹ ቁጥር ገምቶ ማስተካከል" የልጆች ጨዋታ ቢመስልም ዕድሜው ከ3,500 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘውና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሜስ የተባለ የግብፅ ጸሐፊ የገለበጠው ፓፒረስ ከ80 በላይ የሒሳብ ጥያቄዎችን ይዟል። እንጀራ ሳይሆን ዳቦ፣ ጠላ ሳይሆን ቢራ ቢሆንም የሚከፋፈለው፣ ነገሩ የሚታወቅ ነው። አንዱ ጥያቄ "አንድ ቁጥርና የራሱ ሩብ ሲደመሩ 15 ይሆናሉ፤ ቁጥሩ ስንት ነው?" የሚል ነው። አህሜስ ቁጥሩ 4 ነው ብሎ ይጀምራል፤ 4ን የመረጠው ሩቡ ሙሉ ቁጥር እንዲሆንለት ነው። 4 እና ሩቡ 1 ሲደመሩ 5። የተፈለገው 15 ነው፤ የ5 ሦስት እጥፍ። ስለዚህ ቁጥሩ የ4 ሦስት እጥፍ፣ 12 ነው። ፊደል አልተጠቀመም፤ አላስፈለገውም።

ሁለተኛው ወጥመድ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና አለው። አንድ ነጋዴ 1,000 ብር የነበረን ጫማ በ20 በመቶ ጨመረበት፤ ገዢ ሲጠፋ 20 በመቶ ቅናሽ አደረገ። ዋጋው ወደ 1,000 ተመለሰ? አልተመለሰም። ጭማሪው የ1,000 ሃያ በመቶ፣ 200 ብር ነበር፤ ቅናሹ ግን የ1,200 ሃያ በመቶ፣ 240 ብር ነው። ጫማው አሁን 960 ብር ነው።

ሦስተኛው በዜና ውስጥ የሚያጋጥመው ነው። ከላይ የጠቀስናቸውን የብሔራዊ ፈተና አሃዞች እንደገና እንያቸው። ከ3.2 በመቶ ወደ 5.4 በመቶ ሲደርስ ውጤቱ በስንት ተሻሻለ? "በ2.2 በመቶ" የሚል ሰው ይኖራል፤ ትክክለኛው አነጋገር ግን "በ2.2 የመቶኛ ነጥብ" ነው። ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ከሆነ 2.2 ለ3.2 ሲካፈል 0.69 ገደማ ይመጣል፤ ጭማሪው 69 በመቶ ያህል ነው። ሁለቱም አሃዞች እውነት ናቸው፤ አንዱ ትንሽ፣ ሌላው ትልቅ ይመስላል። የትኛው እንደሚጠራ የሚወስነው ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ምን ማሳየት እንደፈለገ ነው።

ግማሽና ሲሶ

ክፍልፋይ ላይ ብዙ አንቆይም፤ አንድ እንጀራ ይበቃናል። 1/2 እና 1/3 ሲደመሩ ስንት ነው? ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ 2/5 የሚል ተማሪ በየክፍሉ አለ። ነገር ግን 2/5 ከግማሽ ያነሰ ነው። ግማሽ እንጀራ በልቶ ሲሶ የጨመረ ሰው ከግማሽ ያነሰ ሊበላ አይችልም።

እንጀራው በ6 እኩል ቦታ ቢቆረጥ ግማሹ 3 ቁራሽ፣ ሲሶው 2 ቁራሽ ነው። በድምሩ 5 ቁራሽ ከ6፣ ማለትም 5/6። "የጋራ ታሕት" የሚባለው ነገር ሁለቱንም ድርሻ በሙሉ ቁራሽ ለመቁጠር የሚያስችለውን አቆራረጥ መፈለግ ነው።

"ማካፈል ያሳንሳል" የሚለውም እምነት መስተካከል አለበት። 6 ኪሎ ቡና በሩብ ኪሎ እሽግ ቢታሸግ ስንት እሽግ ይወጣዋል? ከአንዱ ኪሎ 4፣ በጠቅላላው 24። 6 ለ1/4 ሲካፈል 24 ነው፤ ከተካፋዩ የበለጠ።

የደቦው ስሌት

"አንድ ማሳ ለማጨድ አንደኛው ሠራተኛ ብቻውን 6 ቀን፣ ሁለተኛው ብቻውን 3 ቀን ይፈጅባቸዋል። አብረው ቢያጭዱ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?"

6 እና 3 ተደምረው 9 የሚል መልስ ይመጣል። አማካያቸውን ወስዶ 4 ቀን ተኩል የሚልም አለ። ሁለቱም ከመሰላታቸው በፊት ሊጣሉ ይችላሉ። ሁለተኛው ሰው ብቻውን በ3 ቀን ይጨርሳል። ረዳት መጥቶለት ከ3 ቀን በላይ ከፈጀበት ረዳቱ ሲያጭድ ሳይሆን ሲያወራ ነው የዋለው። መልሱ የግድ ከ3 ማነስ አለበት።

አሁንም የአህሜስን ምክር እንከተል። ማሳው በ6 እኩል ቦታ ተከፍሏል እንበል። የመጀመሪያው በቀን 1 ቦታ፣ ሁለተኛው በቀን 2 ቦታ ያጭዳል። አብረው በቀን 3 ቦታ። ስድስቱ ቦታ በ2 ቀን ያልቃል። የሁለት ቧንቧዎችና የአንድ ታንከር ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከአጫጁ ይልቅ ውኃ መጣበት እንጂ።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ኢ-ርቱዕ ወደረኝነት ነው። 6 ሰዎች በ10 ቀን የሚጨርሱትን ሥራ 15 ሰዎች በስንት ቀን ይጨርሱታል? "ለ6 ሰው 10 ቀን ከሆነ ለ15 ሰው..." ብሎ የተለመደውን ስሌት ያሰላ ተማሪ 25 ቀን ያገኛል፤ ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው የሚረዝምበት ደቦ። ሥራው በጠቅላላ 6 × 10፣ ማለትም የ60 ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለ15 ሲካፈል 4 ቀን።

መንገዱና ሰዓቱ

አንድ ሾፌር 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየነዳ ሄደ። ሲመለስ ዝናብ ስለያዘው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነዳ። የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት ስንት ነው? 60 እና 40 ተደምረው ለ2 ሲካፈሉ 50። ፈተና አውጪው ከአማራጮቹ መካከል 50ን ማስገባት አይረሳም።

ሲሄድ 2 ሰዓት፣ ሲመለስ 3 ሰዓት ፈጀበት። 240 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ነው። በዝግታ የነዳበት ጊዜ ስለሚበልጥ አማካዩ ወደ 40 ያዘነብላል። ርቀቱ በጥያቄው ባይሰጥስ? 120 ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ በ60ም በ40ም ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ይመቻል። በ240 ቢሞከርም መልሱ ያው 48 ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ የሰዓት አቆጣጠር የራሱን ጣጣ ያመጣል። አውቶቡስ ከሌሊቱ 11፡30 ተነስቶ ከረፋዱ 4፡15 ደረሰ። ስንት ሰዓት ተጓዘ? ከ11፡30 ላይ 4፡15 የቀነሰ ተማሪ 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይላል፤ ትልቁ ቁጥር ላይ ትንሹን መቀነስ ለምዷልና። 12 ሰዓትን እንደ ወንዝ ድልድይ ማሰብ ይረዳል። ከ11፡30 እስከ 12፡00 ሠላሳ ደቂቃ፤ ከዚያ እስከ 4፡15 አራት ሰዓት ከ15። በድምሩ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ።

የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም የቀኑን ሰዓት እንደ ኢትዮጵያውያን ከንጋት ጀምረው ስለሚቆጥሩ ይህን ድልድይ ያውቁታል። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ጉዞው ከ5፡30 እስከ 10፡15 ነው፤ እዚያ ደግሞ ሌላ ስህተት ይጠብቃል። ከ15 ላይ 30 አይቀነስምና አንድ ሰዓት ሲበደሩ የሚያገኙት 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለም። 10፡15ን 9፡75 ብሎ ጽፎ 5፡30 ሲቀንሱለት 4፡45 ይመጣል። 100 የተበደረው ተማሪ 4፡85 ብሎ ይጽፋል፤ 85 ደቂቃ የሚባል ሰዓት ላይ እንደሌለ ግን ልብ አይልም።

ሊቃውንቱ እንዴት ያረጋግጡ ነበር?

የፖሊያ አራተኛ እርምጃ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር፣ በፈተና ጥድፊያ መጀመሪያ የሚዘለለው ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ በዓላት የሚወጡበት ባሕረ ሐሳብ ግን ማረጋገጫውን በስሌቱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል።

ለ2016 ዓ.ም. እንየው። 5,500 ሲደመርበት 7,516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 11 ይተርፋል። ከቀሪው 1 ሲቀነስ 10፤ ይህ "ወንበር" ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 110፤ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 20 "አበቅቴ" ነው። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 190፤ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው 10 "መጥቅዕ" ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ 20 እና 10፣ መጣ። ባይመጣ ኖሮ አስላው ከመንገዱ አንድ ቦታ ስቷል። ምስጢሩ ቀላል ነው፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ወንበሩ ማንም ይሁን ማን ሁለቱ ብዜቶች ተደምረው ያለ ቀሪ ለ30 ይካፈላሉ።

ለማባዛትም በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ይቻላል። ብዙዎች "የኢትዮጵያ ማባዣ" የሚሉት፣ ከአህሜስ ዘመን የግብፅ ዘዴ ጋር የሚመሳሰለው መንገድ ማጋመስና ማጠፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። 13 × 24ን እንውሰድ። 13ን ቀሪውን እየተዉ ማጋመስ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በትይዩ 24ን ማጠፍ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር መሰረዝ፤ እዚህ 6 ብቻ ስለሆነ ከ48 ጋር ይወጣል። የቀሩት 24፣ 96 እና 192 ተደምረው 312። 13 ማለት 1፣ 4 እና 8 ሲደመሩ ስለሆነ፣ የተደመሩት የ24 አንድ፣ አራትና ስምንት እጥፍ ናቸው። ኮምፒውተሮች ቁጥርን በሁለት እየከፈሉ የሚይዙበት አሠራርም ከዚህ የራቀ አይደለም።

በቤት ውስጥ

ልጁ ተሳስቶ ሲመጣ ወዲያው "ስህተት ነው" ማለት ይቻላል። "መልስህን ወደ ጥያቄው መልሰህ ክተተው" ማለትም ይቻላል፤ ሁለተኛው ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፣ ነገር ግን ያልተወለደውን ልጅና 85 ደቂቃውን ልጁ ራሱ ያገኛቸዋል። ትክክል ሲሠራም እንዴት እንደደረሰበት መጠየቅ ይገባል። አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ ላይ የተደረሰው በካፒቴኑ መንገድ ነውና።

ለዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ እነሆ። የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ በ25 በመቶ ጨመረ። ወደ ቀድሞው ዋጋ እንዲመለስ አሁን ካለበት በስንት በመቶ መቀነስ አለበት? የጤፉ ዋጋ በጥያቄው አልተሰጠም፤ 100 ነው ብሎ መጀመር ይቻላል። መልሱ 20 በመቶ ነው፤ ለምን 25 እንዳልሆነ ልጁ ያስረዳዎት።